የሱነማዊቷ ትንሽ ክፍል እና የእኛ የሕልም ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቤት ነው፤ ስለምንተኛበት፣ ማዕድ ስለምንቆርስበትና ልጆቻችንን ስለምናሳድግበት ቤት። «ይህ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። በቅርብ ዓመታት ከመዝሙር ክፍላችን የቀሩትን ወንድሞችና እኅቶች አንድ በአንድ ስቆጥር፣ ከአንዱ በላይ የሆኑትን የወሰደብን የቤት ዕዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እዚሁ አስኮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደጉ፣ በሥርዓተ ተክሊል የተጋቡ ባልና ሚስት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ግን ራሳቸው ናቸው። ከተጋቡ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ ሁለት ዕቁብ ጥለው፣ ጥቂት ብድር ቢጨምሩበት በአስኮ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ አጠራቀሙ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ የማእድ ቤቱ በር የተገነጠለ፣ ግድግዳው ቀለም የናፈቀው። ውል ሊዋዋሉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ደወለላቸው። ባለ ሦስት መኝታ፣ ሊፍትና የልጆች መጫወቻ ያለው ሕንፃ በሥዕል አሳያቸው። ሕንፃው ገና ከመሠረቱ አልወጣም ነበር። «ይህ ዋጋ የሚቆየው እስከ ዓርብ ብቻ ነው» አላቸው። ያላቸውን ሁሉ ቅድሚያ ክፍያ አድርገው ሰጡ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ሕንፃው ሦስተኛ ወለል ላይ ደርሶ ቆሟል። እነርሱ ዛሬም ኪራይ ቤት ናቸው፤ ለሚኖሩበት ቤት በየወሩ፣ ላልተሠራው ቤት በየሦስት ወሩ ይከፍላሉ። ከበሮ ይመታ የነበረው ወንድማችን ቅዳሜንና እሑድን ለተጨማሪ ሥራ ሰጠ። አሥራታቸው ቆመ፤ በጎጃም ላለች እናቱ በየወሩ ይልከው የነበረው ተቋረጠ። አንድ ቀን በታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቼው «ምነው ጠፋህ?» ብለው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ክፍያ አለብኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ አሳቤን ሳልሸፍን ልናገር። ከእኛ ለብዙዎቻችን፣ የሕልም ቤትን ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ ለመያዝ መዝለል የጥበብ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ኃጢአት የሚገባበት በር ነው። የሚበጀን በአቅማችን በትንሹ ጀምሮ፣ ዕዳን ከፍሎ፣ ቤትን እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ማሳደግ ነው። ይህን ስል ሻጮቹን ብቻ አልወቅስም። እኛም በጉባኤያችን፣ በሽምግልናችንና በምስጋናችን ወጣቶቹን ወደዚህ ገፍተናቸዋል።

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4ን እናስታውስ። በዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው የነቢያት ልጆች ወገን የሆነ ሰው መበለት ቤት ነው። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ሆኖም ዕዳ ትቶ ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለቱን ልጆቿን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጣ። ልብ በሉ፤ የሰውየው ጽድቅ ዕዳውን አልሰረዘለትም፤ ዕዳው ከእርሱ አልፎ ለልጆቹ ተረፈ። ኤልሳዕ ዘይቱ በተአምር ከበዛ በኋላ ለሴቲቱ የሰጣት ትእዛዝ ቅደም ተከተል አለው፤ አስቀድማ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ ከዚያም በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር። በተአምር የመጣ ሀብት እንኳ መጀመሪያ የሄደው ወደ አበዳሪው ነው።

ሁለተኛው ቤት የሱነማዊቷ ነው። ይህች ሴት ባለጠጋ ነበረች። ብትፈልግ ግንብ ታሠራ ነበር። እርሷ ግን ከባሏ ጋር ተማክራ በነበራት ቤት ሰገነት ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ጨመረች፤ በውስጧም አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረች። ክፍሏን የጨመረችው መንገደኛው የእግዚአብሔር ሰው የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነው። ኤልሳዕም ስለ እርሷ ለንጉሡ ይናገርላት እንደሆነ ቢያስጠይቃት፣ በወገኖቿ መካከል መኖሯ እንደሚበቃት መለሰች። በአንዱ ቤት ዕዳ ልጆችን ሊያስወጣ ይመጣል፤ በሌላው ቤት አንዲት ክፍል በልክ ተጨምራ እንግዳ ትቀበላለች፣ በኋላም የልጅ በረከት ይገባባታል። ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ልትሠራ ያሰብከው የትኛውን ቤት ነው?

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ኑሮ ነው። እኔ ያደግሁበት የአስኮ ጊቢ ሲጀመር ማገሩ የሚታይ፣ ጭቃው በጭድ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል ነበር። አባቴ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ ዓመት በደረሰው ዕቁብ ወለሉን ሊሾ አስደረገ። አያቴ ዓይኗ ሲደክም ከገጠር መጣችና ለእርሷ ሰርቪስ ቤት ተሠራ። የአጎቴ ልጆች ለትምህርት ሲመጡ ደግሞ ሌላ ክፍል ተቀጠለ። ኮርኒሱ የተሠራው እኔ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ነው። ያ ቤት ለሥዕል የሚበቃ አልነበረም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ሰው ስም ነበረው። ያም ሆኖ አባቴ አንድም ሌሊት አበዳሪ ፈርቶ አላደረም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለእኔ የዚያ ጊቢ ታሪክ ነው።

«ያ ዘመን አለፈ፤ ዛሬ ጊቢ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ ለአብዛኛው ደመወዝተኛ ባዶ ቦታ በጨረታ ማሸነፍ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በዛሬው ኑሮ በትንሹ መጀመር ማለት ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ መግባት፣ ፊኒሺንጉን በየዓመቱ ማሟላት፣ ቤተሰብ ሲበዛም ያንን ሸጦ ወደሚሰፋው መሻገር ሊሆን ይችላል። ለሌላው ከወላጅ ጊቢ አንዲት ክፍል አድሶ መጋባት ይሆናል። ለሌላው ደግሞ በኪራይ ቤት በትዕግሥት መቆጠብ ይሆናል።

ሁለተኛው ሙግት ከዚህ ይከብዳል። «ብር ይቀልጣል፤ የታገሠ ከሰረ» ይላሉ። ይህን ሙግት አላቃልለውም። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 274 ብር እየቆጠቡ ዕጣ መጠበቅ የጀመሩ ወገኖቻችን ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ሲሰረዝ ያለቀሱትን አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገንዘብን ትራስ ሥር አስቀምጦ መጠበቅን ስለዚህ አልመክርም።

ነገር ግን ይህ ሙግት የሚያስረዳው ምንድን ነው? ገንዘብን ወደ ቤት መለወጥ መልካም መሆኑን ያስረዳል እንጂ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ቤት መግዛት መልካም መሆኑን አያስረዳም። ከዚህም በላይ ያው የዋጋ ንረት ብረቱን፣ ሴራሚኩን፣ አሉሚኒየሙንና ሊፍቱን ያስወድዳል፤ በውላችሁ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለ ሸክሙ ወደ እናንተ ይመጣል። ደመወዛችሁ ግን በዚያ ፍጥነት አያድግም። ያለቀችና የምትገቡባት ትንሽ ቤት ከንረት ትጠብቃችኋለች። በሥዕል ላይ ያለ ትልቅ ቤት ግን ንረቱን ከነሸክሙ ያመጣላችኋል። በ2000ዎቹ ዓመታት ለሪል እስቴት ቅድሚያ ከፍለው ከአሥር ዓመት በላይ ቁልፍ ያልጨበጡ፣ በዓረብ አገርና በአሜሪካ ላባቸውን አፍስሰው የላኩትን ገንዘብ በፍርድ ቤት ደጅ ሲፈልጉ የኖሩ ብዙ ወገኖች እንዳሉ አገር ያውቃል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 14፥28-30 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር አስተምሯል። እንቁጠር እንግዲህ። አንድ ሰው 4 ሚሊዮን ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት ሊመልስ ተበደረ እንበል። የወር ክፍያው 61,700 ብር ያህል ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 60,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,700 ብር ያህል ብቻ ነው። ሃያው ዓመት ሲያልቅ የከፈለው 14.8 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። ሌላው ደግሞ ለትንሽ ቤት የጎደለውን 1 ሚሊዮን ብር በዚያው ወለድ ተበድሮ በ5 ዓመት ቢመልስ፣ በወር 25,400 ብር ያህል፣ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ይከፍላል። የመጀመሪያው ሰው የወጣትነቱን ዘመን ሁሉ ሸጧል። ሁለተኛው በአምስት ዓመት ነጻ ወጥቶ የሚቀጥለውን ደረጃ ያስባል። እናንተም የባንካችሁን ወለድ ጠይቃችሁ ይህንኑ ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ፣ መዝሙር 14ን መነሻ አድርጎ ስለ አራጣና ብድር በሰበከው ስብከቱ የባለዕዳን ኑሮ ሲሥል፣ በሩ ሲንኳኳ አልጋ ሥር የሚደበቅ፣ ውሻ ሲጮህ የሚያልበው ሰው አድርጎ ያሳየናል። ለድሃውም ያስተማረው ብድር ሀብታም እንደማያደርገው፣ ነጻነቱን ግን እንደሚያሳጣው ነው። በዘመናችን በር የሚያንኳኳ የለም፤ ስልክ ነው የሚጮኸው። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ስልኩ በኪሱ ሲንቀጠቀጥ ልቡ የሚደነግጥ ስንት ወንድም አለን? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው። የቸገረው ሰው ቢበደር ማን ይፈርድበታል? ለመጠለያ የሚሆን ልከኛ ብድርም ኃጢአት ነው አልልም። ጥያቄዬ፣ ሦስተኛውን መኝታ ቤትና ሊፍቱን ያስፈለገን ችግር ነው ወይስ የሰው ዓይን? የሚል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እናንት ወላጆችና ሽማግሎች ሆይ፣ ልጃችሁን ሊጠይቅ የመጣውን ወጣት ስለ ንስሐ አባቱ ሳትጠይቁ «ቤት አለው ወይ?» የምትሉ ከሆነ፣ ወጣቱን ወደ ዕዳ የገፋችሁት እናንተ ናችሁ። «ቤት ሳልገዛ አላገባም» እያሉ ሠላሳ አምስትና አርባ ዓመት የሞላቸው፣ በዚያም መካከል በዝሙት ፈተና የወደቁ ልጆች አሉን። ለጋብቻ የሚያስፈልገው ቅዱስ ቁርባንና ፈቃደ ልብ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በፍትሐ ነገሥት ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አልተጻፈም። የኪራይ ኑሮ ምሬት እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥ ደንግጓልና መብታችሁን ዕወቁ፤ ውላችሁንም አስመዝግቡ።

በአገልግሎት ያላችሁ ሆይ፣ በጉባኤ መካከል «እግዚአብሔር ቪላ ሰጠኝ» የሚለውን ምስጋና በእልልታ ስንቀበል፣ ከኋላ የተቀመጠው ተከራይ ምን ይሰማው ይሆን? እግዚአብሔር ረሳኝ አይልምን? ለአዲስ ሰፊ ቤት ጠበል ለመርጨት ካህናት በመኪና ይሄዳሉ። በአንዲት ክፍል የሚኖሩትን አዲስ ሙሽሮች ግን ማን ጎበኛቸው? በማቴዎስ 8፥20 ራሱን የሚያስጠጋበት እንደሌለው የተናገረውን ጌታ እያመለክን፣ የቤትን ስፋት የበረከት መለኪያ ካደረግን ትምህርታችን ከየት እንደመጣ እንመርምር። የኦርቶዶክስ አባቶች ትምህርት አይደለምና።

«ቤት ዋስትና ነው» ለምትሉም አንድ ነገር ላስታውስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ በዕድሜ ልክ ልፋት የተሠሩ ስንት ቤቶች በአንድ ቀን ከባለቤታቸው እጅ ወጡ! ያን ቀን ለተጎዱት እናዝናለን፤ ትምህርቱን ግን አንርሳ። ቤት መልካም መጠለያ ነው፤ መታመኛ ግን አይሆንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳልመክር ብቻ ወቅሼ ብሄድ በደለኛ ነኝ።

አስቀድማችሁ ዕዳውን ከመሸከማችሁ በፊት ሸክሙን ለኩት። ሊገቡበት ያሰባችሁትን የወር ክፍያ ለስድስት ወር በየወሩ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስገቡ። በእነዚህ ወራት አሥራታችሁ ካልቆመ፣ ለወላጅ የምትልኩት ካልተቋረጠ፣ ሰንበታችሁ ካልተሸጠ፣ በቤታችሁም ጠብ ካልበዛ ትችሉታላችሁ ማለት ነው። ካቃታችሁ ደግሞ የጠፋባችሁ ነገር የለም፤ የስድስት ወር ቁጠባ በእጃችሁ ነው።

ቀጥሎ «እስከ ዓርብ ብቻ» ለሚላችሁ ሰው ዓርብን አሳልፉት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና። ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ ስለ ርክክብ ቀንና ስለ ዋጋ ማስተካከያ የተጻፈውን አንቀጽ የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ። ከከተማው ዳር ርካሽ ቦታ አለ ተብሎ ያለ ሕጋዊ ይዞታ የጨረቃ ቤት ሠርተው፣ በኋላ ቤታቸው ሲፈርስ ሜዳ ላይ የቀሩትን ቤተሰቦች እንባ አትርሱ።

ሦስተኛም እንደ ሱነማዊቷ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተማከሩ፤ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። አንዱ ለሌላው ደብቆ የፈረመው ውል ከወለዱ ይልቅ ትዳርን ይበላል።

በመጨረሻም የምትገቡባት ቤት ምንም ያህል ብትጠብ ለእንግዳ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት ይኑራት። ይህች ካለች ቤታችሁ ሙሉ ነው።

የሱነማዊቷ ታሪክ በምዕራፍ 4 አያበቃም። በምዕራፍ 8 ረኃብ በመጣ ጊዜ በነቢዩ ቃል ቤቷንና እርሻዋን ትታ ሰባት ዓመት ተሰደደች። ስትመለስ ቤቷን ለማስመለስ ወደ ንጉሡ ጮኸች። በዚያች ሰዓት የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ኤልሳዕ የሞተ ልጇን እንዳስነሣላት ለንጉሡ ይተርክ ነበር። ንጉሡም ቤቷንና እርሻዋን፣ ያልነበረችባቸውን ዓመታት ፍሬ ጭምር እንዲመልሱላት አዘዘ። ሰባት ዓመት የጠፋባትን ቤት ያስመለሰላት፣ ለእንግዳ በሠራቻት ትንሽ ክፍል የጀመረው ታሪክ ነው።

ወንድማችን ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር። ከበሮውን አልያዘም፤ በኋላ ቆሞ ዘመረ፤ ከመውጣቱ በፊትም ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ስሜን ባትጽፍም፣ ለሚቀጥለው ልጅ ይድረሰው» አለኝ። እነሆ ለእናንተ ደርሷል። እርሱንና ባለቤቱን በጸሎት አስቡ፤ ከቻላችሁም የዚህን ወር ኪራያቸውን አብረን እንሸከም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።